የእናት ደረትና የበጀት መዝገብ

የአንድ አገር ብልጽግና የሚለካው ባላት ገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ያላትን ገንዘብ በምን ላይ እንደምታውለው በማወቋም ጭምር ነው። ይህ ነገር ስለ ንግድና ስለ እርሻ ሲነገር ሁሉም ይቀበለዋል። ስለ ሕክምና ሲነሣ ግን ብዙዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ «የሰው ሕይወት በገንዘብ ይተመናልን?» ብለውም ይጠይቃሉ። ሕይወትስ አይተመንም። ነገር ግን መድኃኒቱም፣ አልጋውም፣ የነርሷም ደመወዝ የሚገኘው በገንዘብ ስለሆነ፣ ያለ ቦታው የወጣ ብር ሌላ በሽተኛ ሊድንበት ይችል የነበረ ብር ነው። ስለዚህ በሕክምና ሥራ ወጪን መመርመር ከንፍገት ሊቈጠር አይገባም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ያለ ጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ የሚወለዱ ሕፃናት አያያዝ ነው። ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች የሚመዝን ሕፃን ክብደተ አነስተኛ ይባላል። በተለይ ያለ ጊዜው የተወለደ እንደ ሆነ፣ ከቆዳው በታች ያለው ስብ ስስ ነው፤ የገላውም ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል። ሲቀዘቅዝ ለመጥባት ይደክማል፤ ሳይጠባ ሲቀር ደግሞ ይብሱን ይቀዘቅዛል። በዚህ ላይ ተላላፊ በሽታ ከታከለበት የመዳን ተስፋው ይመነምናል።

ለዚህ ችግር በመጀመሪያ የተገኘው መፍትሔ በተለምዶ ኢንኩቤተር የሚባለው የማሞቂያ ሣጥን ነው። ስቴፋን ታርኒየ የተባለ የፓሪስ ሐኪም በ1880 እ.ኤ.አ. ገደማ ሐሳቡን ከጫጩት መፈልፈያ ወስዶ ለሕፃናት የሚሆን ሣጥን አሠራ። ይህ መኪና የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል፤ ዛሬም ያተርፋል። ነገር ግን ለማይሠሩት አገሮች በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ መለዋወጫና ጠጋኝ ይሻል፤ በየጊዜው በጥንቃቄ ካልጸዳም የተሕዋስያን ጎጆ ይሆናል።

በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የሚገኝ አንድ የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል በ1978 እ.ኤ.አ. የገጠመው ችግር ይኸው ነበር። ሣጥኖቹ ጥቂት፣ ሕፃናቱ ብዙ ስለ ነበሩ ከአንድ በላይ ሕፃን በአንድ ሣጥን ይተኛ ነበር፤ በሽታውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። በዚህ ጊዜ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ሕፃናቱን ከእናቶቻቸው ደረት ላይ አስታቅፎ ማሞቅን ጀመሩ፤ ዶክተር ሄክቶር ማርቲኔዝም ጥቂት ቆይተው ሥራውን ተቀላቀሉ። ካንጋሮ የተባለችው የአውስትራሊያ እንስሳ ገና ያልጠነከረ ግልገሏን በሆዷ ከረጢት ይዛ ስለምታሳድግ፣ ዘዴው «የካንጋሮ እናት እንክብካቤ» የሚል ስም ወጣለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ከሽንት ጨርቅ፣ ከቆብና ከካልሲ በቀር ራቁቱን ሆኖ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ገላ ለገላ ይታቀፋል፤ ከላይም በጨርቅ ይታሰራል። የእናቲቱ ገላ ያሞቀዋል፤ ጡቱም ቅርቡ ነው። የአገራችን እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ስትሠራ የኖረች ስለሆነች ነገሩ እንግዳ አይመስላትም ይሆናል። ሆኖም ይህ በጀርባ ሳይሆን በደረት፣ ልብስ በመካከል ሳይገባ፣ በቀን ቢያንስ ለ8 ሰዓት፣ ቢቻልም ሌሊትና ቀን የሚደረግ ነው።

«ታዲያ ይህ ምን ጥበብ አለው? እናት ልጇን ማቀፍ መቼ ጠፋት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥበቡ ያለው ከነርሷ ዘንድ ነው። የሕፃኑ አንገት ታጥፎ ትንፋሹ እንዳይዘጋ አስተሳሰሩን የምታሳይ እርሷ ናት። ለመጥባት ዐቅም ላጣው ወተቱ እንዴት ታልቦ በስንት መጠን በጽዋ ወይም በቱቦ እንደሚሰጥ የምትወስን፣ ክብደቱን በየቀኑ የምትመዘግብ፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ እናቲቱን የምታሠለጥን እርሷ ናት። የፈራችውን ወላድ የምታደፋፍር፣ «ሕፃኑን በሣጥኑ ተዉልን» የሚለውንም ዘመድ በትዕግሥት የምታስረዳ እርሷው ናት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በአዲስ አበባ፣ በኢንዶኔዥያ ዮግያካርታና በሜክሲኮ ሜሪዳ በሚገኙ ሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት በ1998 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከ1,000 እስከ 1,999 ግራም የሚመዝኑ ሕፃናት ጤናቸው ከተረጋጋ በኋላ በዕጣ ተከፍለው፣ 149ኙ በእናት ደረት፣ 136ቱ ደግሞ በሞቀ ክፍል ወይም በሣጥን ተያዙ። ከያንዳንዱ ወገን 3 ሕፃናት ሞቱ፤ በዚህ ልዩነት አልነበረም። ነገር ግን በደረት የታቀፉት በቀን በአማካይ 21.3 ግራም ሲጨምሩ ሌሎቹ የጨመሩት 17.7 ግራም ነበር። የፊተኞቹ ጥናቱን ከጀመሩ በ13.4 ቀን፣ የኋለኞቹ በ16.3 ቀን ከሆስፒታል ወጡ። ለደመወዝ የወጣው በካንጋሮው ዘዴ 11,788 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን በተለመደው አያያዝ 29,888 ነበር፤ ሌላው የሥራ ማስኬጃም 7,501 በ9,876 ሆነ። ሁለቱ ሲደመሩ አዲሱ ዘዴ የጠየቀው ከቀድሞው ወጪ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

በዚህ ላይ አንድ ወጣት የበጀት ሹም ሊሳሳት የሚችልበት ቦታ አለ። የደመወዙን ቍጥር አይቶ፣ «እንግዲያው እናቶቹ ይያዙ፤ ነርሶቹም ይቀነሱ» ብሎ ይወስን ይሆናል። እንዲህ ቢያደርግ ዘዴውን ራሱን ያፈርሰዋል። ወጪው ያነሰው የማቀፉን ድካም እናቲቱ ስለ ተሸከመችው ነው። እርሷም ገና ከወሊድ ያልተነሣች፣ ቤቷን ሌሎች ልጆቿንና ሥራዋን ትታ የመጣች ሴት ናት። የምትተኛበት አልጋ፣ የምትበላው ምግብ፣ የምትታጠብበት ውሃ ካላገኘች ትሄዳለች፤ እርሷ ስትሄድ ሙቀቱም ወተቱም አብሮ ይሄዳል። ከመዝገብ የጠፋ ወጪ ከዓለም የጠፋ ወጪ አይደለም፤ ከፋዩ ብቻ ተለውጧል።

ለእናትና ለነርስ የሚወጣው ገንዘብ ምን እንደሚያስገኝ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት በግልጽ አሳይቷል። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ1,000 እስከ 1,799 ግራም የሚመዝኑ 3,211 ሕፃናት ተካፈሉበት። የግማሾቹ እናቶች እስኪረጋጋ ድረስ ሳይጠብቁ፣ ሕፃኑ እንደ ተወለደ ወዲያው ማቀፍ ጀመሩ። ይህ እንዲሆን የእናቶቹ አልጋ ከጽኑ ሕሙማን ሕፃናት ክፍል ውስጥ ገባ፤ የሕፃኑ ነርስና የእናቲቱ ነርስም በአንድ ጣሪያ ሥር መሥራት ያዙ። በ28 ቀን ውስጥ ከእነዚህ የሞቱት ከመቶ 12.0፣ ከሌሎቹ 15.7 ሆኑ። ጥቅሙ ጐልቶ ስለ ታየ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ ድርጅቱም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በራሱ መተንፈስ ካቃተው፣ የመተንፈሻ መኪና ከሚያስፈልገው ወይም የደም ዝውውሩ ከተዳከመበት በስተቀር፣ ለማንኛውም እንዲህ ያለ ሕፃን ዘዴው ወዲያው እንዲጀመር መከረ። ከዚህም መኪናው ጨርሶ እንደማይጣል እንረዳለን፤ ለእነዚያ ለጽኑዎቹ ያስፈልጋልና።

እንግዲህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የግዢ ጥያቄ ለምትመረምሩ ወጣቶች የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው። መኪና ሲገዛ በንብረት መዝገብ ይሰፍራል፤ ሲመረቅም ሪባን ይቈረጥለታል። የነርስ ሥልጠናና የእናት አልጋ ግን በዐይን የማይሞሉ በመሆናቸው ከዝርዝሩ ግርጌ ይወርዳሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት እንዳይደርስብን፣ ለሕፃናት ክፍል ሣጥን ይገዛ የሚል ወረቀት ከፊታችሁ ሲቀርብ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እናቲቱ የት እንደምትተኛ፣ በሌሊትም የምትጠብቃት ነርስ ማን እንደሆነች ጠይቁ።