መያዝ፣ መታገድ፣ መሰረዝ፦ ጠጥቶ ማሽከርከርና መንጃ ፈቃድ

የመንጃ ፈቃድ እገዳ አሽከርካሪው ለተወሰነ ጊዜ መሪ እንዳይዝ የሚከለክል አስተዳደራዊ እርምጃ ነው። ሰው ሁሉ «መንጃ ፈቃድ» የሚለው ካርድ በሕግ ሰነዶች ላይ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይባላል። የእገዳው ምክንያት በዚህ ረጅም ስም ውስጥ አለ። ካርዱ የያዘው ሰው ለመንዳት ብቁ መሆኑን የሚመሰክር ስለሆነ፣ ሰክሮ መሪ ላይ የተገኘ ሰው ምስክሩን በራሱ እጅ አፍርሷል።

በመንገድ ላይ ወሬ ሦስት ነገሮች ይደበላለቃሉ፤ «መንጃ ፈቃዴን ተቀማሁ» የሚል አሽከርካሪ ከሦስቱ የትኛው እንደደረሰበት ራሱም ላያውቅ ይችላል። ትራፊክ ፖሊሱ ካርዱን ተቀብሎ የቅጣት ወረቀት ሲሰጥ ፈቃዱ ተያዘ ይባላል፤ ቅጣቱ ሲከፈል ይመለሳል። መታገድ ከዚህ ይከብዳል፤ ገንዘብ ተከፍሎም ቢሆን የእገዳው ጊዜ እስኪያልቅ መንዳት አይቻልም። መሰረዝ ደግሞ ፈቃዱ እንዳልነበረ ሲሆን ነው። ማገድና መሰረዝ የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሥልጣን ሲሆን፣ ፈቃዱን የሚሰጡትም የክልል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ካርዱ የተሰጠው አማራ ክልል ቢሆንም በአገሪቱ ሁሉ ይሠራል።

የአሽከርካሪ ፈቃድ መጀመሪያ በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 600 ይመራ ነበር፤ በኋላ ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተተካ። የመንገድ ላይ ጥፋቶችን በዝርዝር ያስቀመጠው ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ያወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ነበር። ደንቡ ከገንዘብ ቅጣቱ ጎን ለጎን የጥፋት ነጥብ የሚባል አሠራር አመጣ። እያንዳንዱ ጥፋት በአሽከርካሪው መዝገብ ላይ ነጥብ ያስይዛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም መጀመሪያ እገዳ ይከተላል፣ ሲብስም ስረዛ። ዘዴው ብልህ ነው። ብር ያለው ሰው ቅጣቱን በቀላሉ ከፍሎ ይሄዳል፤ ነጥቡን ግን በብር አይገላገለውም።

ስካር በሕግ ዓይን የሚለካው በደም ውስጥ ባለው አልኮል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመንገድ ደህንነት ሪፖርቶቹ የኢትዮጵያን ወሰን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.08 ግራም፣ ማለትም በአንድ ሊትር 0.8 ግራም ብሎ መዝግቧል። ድርጅቱ የሚመክረው ከዚህ ዝቅ ያለ ነው፤ ለማንኛውም አሽከርካሪ 0.05፣ ለወጣትና ለጀማሪ 0.02። መንገድ ላይ ደም መቅዳት ስለማይመች መለኪያው ትንፋሽ ነው። አሽከርካሪው አዲስ የተገጠመ የላስቲክ አፍ ባለው በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ውስጥ ሳያቋርጥ ይተነፍሳል። በመሣሪያው ሆድ ውስጥ አልኮሉ ከፕላቲኒየም ጋር ሲገናኝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ ፍሰቱ በበረታ ቁጥር የሚታየው ቁጥር ያድጋል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው አልኮል በ2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ተብሎ ስለሚሰላ፣ 0.8 ግራም በትንፋሽ ሲተረጎም በሊትር 0.4 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። ገና የተጎነጨ ሰው አፉ ውስጥ የቀረው መጠጥ ቁጥሩን ስለሚያዛባ 15 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ማስቲካ ማኘክና ቡና መጠጣት ሽታውን ይሸፍኑ ይሆናል እንጂ ቁጥሩን አያወርዱትም።

ሰዉ ግን መጠጡን የሚቆጥረው በግራም አይደለም፤ ጠላውን በጣሳ፣ ጠጁን በብርሌ፣ አረቄውን በመለኪያ ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ሉማሜ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከደጀን አለፍ ብላ ትገኛለች። እዚያ ያደረ የጭነት መኪና አሽከርካሪ አለ እንበል፤ 65 ኪሎ የሚመዝን ወንድ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ 50 ሚሊ ሊትር በምትይዝ መለኪያ ስድስት አረቄ ጠጣ። የአረቄው ጥንካሬ 40 በመቶ ቢሆን በአንዷ መለኪያ 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ፤ በስድስቱ 95። ሰውነት ይህን የሚያቃጥለው ቀስ ብሎ ነው፤ በአማካይ በሰዓት ከሊትር ደም 0.15 ግራም። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ፊቱን ታጥቦ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሞተር ሲያስነሳ በደሙ ውስጥ ገና ከ0.9 ግራም በላይ አለ። እንቅልፍ ድካሙን አስወግዶለታል፣ የአልኮሉን መቃጠል ግን አላፈጠነውም። ፊት ለፊቱ ደጀን አለ፤ ከደጀን ወዲያ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት። የጠጣው ሁለት ጊዜ የነጠረው፣ «ዳግም» የሚባለው አረቄ ከነበረ ሒሳቡ ከዚህም ይከፋል።

ሰክሮ የተገኘ ሰው መንዳቱን እዚያው እንዲያቆም ይደረጋል። በዚህ ጊዜ መሪውን ለረዳቱ መስጠት የተለመደ መውጫ ቢመስልም፣ ረዳቱ ለዚያ ዓይነት መኪና የሚሆን ፈቃድ ከሌለው ሌላ ጥፋት ነው። ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነትና ሕዝብ ማመላለሻ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የፈቃድ ምድብ አላቸው።

አደጋ ከደረሰ ጉዳዩ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አልፎ ወደ ወንጀል ችሎት ይሄዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 አሽከርካሪ በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደነግጋል። አጥፊው በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ኃላፊነት ከማይሰማው ሁኔታ ላይ ጥሎ ከነበረ ግን ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይሆናል። «ሰክሬ ስለነበር አላወቅሁም» ማለት እዚህ ላይ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ ክሱን ያከብዳል። የችሎቱ ቅጣትና የፈቃዱ እገዳ በተለያየ መንገድ የሚሄዱ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

በሌላ አገር የሁለቱ መለያየት ይበልጥ ይታያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ፣ ወሰኑን አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ፈቃዱ ወዲያው ለሰባት ቀን ይታገዳል። ችሎቱ ጥፋተኛ ካለው ደግሞ ለአንድ ዓመት ያጣዋል። የሰባቱ ቀን እገዳ የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም፤ ክሱ እስኪታይ አደጋን የማራቂያ እርምጃ ነው።

እገዳ በቤት መኪና የሚሄደውን ሰው ታክሲ ያስጠብቀዋል። በምልልስ የሚከፈለውን የጭነት አሽከርካሪ ግን ገቢውን ከሥሩ ይቆርጥበታል፤ ባለ ንብረቱም መኪናው ቆሞ እንዳይውል ሌላ አሽከርካሪ መፈለጉ አይቀርም። በእገዳው ጊዜ መሪ ይዞ የተገኘ ሰው የሚያሳየው ፈቃድ የለውም፤ የሚጠየቀውም ያለ መንጃ ፈቃድ በማሽከርከር ነው።