ሰማያዊው ሰማይና ቀይዋ ጀንበር፦ ተረትና እውነታ

ሰማይ ሰማያዊ መልኩን ከባሕር ይዋሳል የሚለው እምነት በተማሩ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር የሚሰማ ቢሆንም፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አሶሳ ዞን፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ በምትገኘው በሸርቆሌ ወረዳ ሲመረመር ውድቅ ይሆናል፤ ቀይ ባሕር ከዚያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎሜትሮች ርቆ ሳለ፣ ክረምቱ እንደወጣ በወረዳዋ ላይ የሚታየው ሰማይ ከማንኛውም ወደብ ሰማይ አያንስም። እንዲያውም የባሕሩ ሰማያዊነት በከፊል ከሰማይ የሚንጸባረቅ፣ በከፊልም ውሃ ቀይ ብርሃንን ስለሚመጥ የሚፈጠር ነው።

የፀሐይ ብርሃን ነጭ መስሎ ቢታይም ከቀይ እስከ ሐምራዊ የተዘረጉ ቀለሞች ድብልቅ ሲሆን፣ ቀለሞቹ የሚለዩት በሞገድ ርዝመታቸው፣ ማለትም ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት ባለው ርቀት ነው፤ የቀዩ ወደ 700፣ የሰማያዊው ወደ 450 ናኖሜትር ይደርሳል፣ አንድ ናኖሜትርም የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1871 እንዳሳዩት፣ ብርሃን ከሞገዱ በጣም ያነሱ አካላት ሲያጋጥሙት በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የሞገዱ ርዝመት በግማሽ ባጠረ ቁጥርም መበተኑ 16 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ሰማያዊው ከቀዩ ስድስት እጥፍ ያህል ይበተንና ከየማዕዘኑ ወደ ዓይን ይደርሳል። ሐምራዊው ከዚህም በላይ ቢበተንም፣ ከፀሐይ የሚመጣው መጠን አነስተኛ በመሆኑና የሰው ዓይንም ለእርሱ ደካማ በመሆኑ ሰማዩን አይገዛም።

በታኙ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱንም አሳስቶ ነበር። አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል በ1860ዎቹ ብርሃኑን የሚበትኑት በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ረቂቅ ቅንጣቶች ናቸው ብለው ሲያስቡ፣ ሬይሊ በ1899 የአየሩ ሞለኪውሎች፣ በተለይም ናይትሮጅንና ኦክስጅን፣ ብቻቸውን እንደሚበቁ አረጋገጡ። አቧራ ሰማይን ሰማያዊ ያደርጋል የሚለው ግምት ግን እስካሁን አልጠፋም። በሸርቆሌና በአካባቢው ቆላ የበጋው ወራት የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው፦ ሣሩ ደርቆ ሰደድ እሳት ሲነሳና ነፋስ አቧራ ሲያስነሳ ሰማዩ ይነጣል፤ የአቧራና የጭስ ቅንጣቶች አብዛኞቹ የብርሃንን ሞገድ የሚያህሉ ወይም የሚበልጡ በመሆናቸው ቀለሞችን ሁሉ በተቀራራቢ መጠን ይበትናሉና። ዝናብ አየሩን ሲያጥበው ሰማያዊው ይመለሳል።

ፀሐይ ስትጠልቅ የምትቀላው ስለምትቀዘቅዝ ወይም ስለምትርቅ ነው ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ በሸርቆሌ ጀንበር ቀልታ ስትጠልቅ፣ በዚያችው ቅጽበት በሴኔጋል ጠረፍ ያቺው ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነጭ ሆና ትታያለች። ልዩነቱ በመንገዱ ነው። ከአናት የሚወርድ ብርሃን አየሩን በአጭሩ ሲያቋርጥ፣ ከአድማስ የሚመጣው ወደ 38 እጥፍ የሚሆን አየር ማለፍ አለበት፤ በዚህ ጉዞ ሰማያዊውና አረንጓዴው ተበትነው ለሌሎች አገሮች ሰማይ ሲቀሩ፣ ብርቱካናማውና ቀዩ ይደርሳሉ። ንጹሕ አየር ብቻውን ለዚህ ይበቃል፤ አቧራ ሲበዛ ግን ቅላቱን ብዙ ጊዜ ያደበዝዘዋል፣ ረቂቅ ጭስ ደግሞ ፀሐይን ከመጥለቋ በፊት ሊያቀላት ይችላል። በ1883 የፈነዳው የኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራ ክራካታው ከፍ ወዳለው አየር የላከው ረቂቅ ቅንጣት ለወራት የዓለምን ምሽት ያቀላው በዚሁ መንገድ ነው።

ከሁሉ ያነሰ የሚታወቀው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአናት ላይ የሚቀረው ጥልቅ ሰማያዊ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሃልበርት በ1953 እንዳስረዱት፣ ይህ በመበተን ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በላይኛው አየር ያለው ኦዞን ብርቱካናማውንና ቢጫውን ብርሃን በመምጠጡ ሰማያዊው ጎልቶ ይወጣል። ሸርቆሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 እና በ11 ዲግሪ መካከል ስለምትገኝ ፀሐይ ወደ አድማስ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ በዚህም ምክንያት ይህ ብርሃን በሰሜን አውሮፓ ከሚቆየው እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለጨለማ ቦታውን ይለቃል።