ያውቁ ኖሯል? ኪስ የሚገባ ሰንጢ

በፈረንሳይ ተራራማ አውራጃ በሳቭዋ የተወለደው ኦፒኔል የተባለ ሰንጢ ስለቱ ላይ ዘውድ ያለው እጅ ተቀርጾበታል። የማን እጅ ነው? የመጥምቁ ዮሐንስ! በዚያው አውራጃ ያለችው ሰን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ የመጥምቁን ጣቶች በካቴድራሏ እንደያዘች ታምናለች፤ በትውፊት ያመጣቻቸው ቅድስት ቴክላ ናት። የሰንጢው ባለቤቶች እጁን ከከተማዋ አርማ ወስደው በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምልክታቸው አደረጉት። ዘውዱ ሳቭዋ በመስፍን ትተዳደር የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል።

ዦዜፍ ኦፒኔል ሰንጢውን በ1890 ሲሠራ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በ1897 ከቁጥር 1 እስከ 12 በመጠን አሰለፈው። ሰብሳቢዎች ቁጥር 1ንና 11ን አጥብቀው የሚፈልጉት ያለ ምክንያት አይደለም፦ በ1930ዎቹ ከምርት ወጥተዋል። አንዱ እጅግ አነሰ፤ ሌላው ከ10 እና ከ12 አልለይ አለ።

እጀታው እንጨት ስለሆነ ውኃ ሲነካው ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል። የሳቭዋ ሰው አይታገለውም፤ የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ያደርገዋል፣ ስለቱ ብቅ ይላል።

ስለት፣ እጀታ፣ ማያያዣ ሚስማርና ሁለት ቀለበት፦ በቃ፣ 5 ክፍል ብቻ! የሚሽከረከረውን መቆለፊያ ቀለበት በ1955 የጨመረው ልጁ ማርሴል ነው። በ1985 የለንደኑ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ከዓለም 100 ውብ ምርቶች መካከል ቆጥሮታል። ዋጋው ፓሪስ ውስጥ ከአንድ ምሳ ብዙም አይርቅም። በእኔ እምነት ውበቱም ርካሽነቱም ከዚሁ ከክፍሎቹ ማነስ የመጣ ነው።

ብሪታንያ ለሚኖሩ ግን ያ መቆለፊያ ቀለበት ጣጣ አለው። በዚያ ያለ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚፈቀደው የማይቆለፍ፣ ስለቱም ከ7.62 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው።

ሂጎኖካሚ የተባለው የጃፓን ታጣፊ ሰንጢ ግን መቆለፊያ የለውም። ስለቱን የሚይዘው የተጠቃሚው አውራ ጣት ነው፤ ተማሪዎች እርሳስ ይቀርጹበት ነበር።

እንግሊዞች ትንሽ ሰንጢን በብዕር ስም የሚጠሩት የላባ ብዕር ይቀረጽበት ስለነበር ነው። የእኛም ቁም ጸሐፊ የመቃ ብዕሩን የሚቀርጸው በስለት ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና። ካርበን ስቲል ከተባለው ብረት የተሠራ ስለት ሎሚ ወይም ሽንኩርት ሲቆርጥ ይጠቁራል። ያ ጥቁረት ቀዩን ዝገት ለመከላከል ይረዳል፤ እባክዎ በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍጉት። ይጥረጉት፣ ያድርቁት፣ ጠብታ ዘይት ይቀቡት።