ተጨማሪ መረጃ፦ ሽል ወደ ማህፀን ከመግባቱ በፊት የሚደረግ የዘረመል ምርመራ

እ.ኤ.አ. በ1990 ለንደን ውስጥ በሐመርስሚዝ ሆስፒታል አላን ሃንዲሳይድና ባልደረቦቹ ከሰውነት ውጭ ከተፈጠሩ የሦስት ቀን ሽሎች አንዳንድ ሕዋስ ወስደው ዋይ ክሮሞሶም መኖር አለመኖሩን መረመሩ። በወላጆቹ ቤተሰብ ውስጥ በኤክስ ክሮሞሶም የሚተላለፍ፣ ወንዶችን አጥብቆ የሚያጠቃ በሽታ ስለነበረ ወደ ማህፀን የገቡት የሴት ሽሎች ብቻ ነበሩ።

ዛሬ የምርመራው ዝግጅት የሚጀምረው ከባልና ሚስቱ ደም ነው። ሁለቱም ራሳቸው ሳይታመሙ እንደ ሲክል ሴል ያለ በሽታ ዘረመል ከተሸከሙ፣ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ላቦራቶሪው የሚፈልገውን የዘረመል ለውጥ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ይህ ብቻውን ሳምንታት ይወስዳል። ሴቷ ፎሊክ አሲድ ትወስዳለች፤ ከዚያም ብዙ እንቁላል እንዲበስል ለ10 ቀናት ያህል የሆርሞን መርፌ ትወጋለች።

እንቁላሎቹ ወጥተው ከወንድ ዘር ጋር ከተዋሐዱ በኋላ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ከሽሉ የውጭ ሽፋን ጥቂት ሕዋሳት ለምርመራ ይወሰዳሉ። ይህ ክፍል የእንግዴ ልጅ የሚሆነው ነው፤ ሕፃኑን የሚሆነው የውስጥ የሕዋሳት ክምር አይነካም። ውጤቱ እስኪደርስ ሽሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን በ−196 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል።

ምርመራው ግን ሽሉን አያክምም። ከተመረመሩት መካከል አንድም ጤናማ ሽል ላይገኝ ይችላል፤ ይህ ለባልና ሚስቱ ገና ከመጀመሪያው ሊነገራቸው ይገባል። እርግዝና ከተገኘም ሐኪሞች ውጤቱን በእንሽርት ውሃ ምርመራ ማረጋገጥን ይመክራሉ።