«በቃ» የማይል አንጎል

ሲታጠብ የሚውለውን፣ ቆልፎ ወጥቶ አሥር ጊዜ የሚመለሰውን ሰው ጎረቤት «ወስዋሳ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በሬዲዮ የሚቀርብ ባለሙያ ደግሞ «ኦሲዲ ይባላል፤ በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን ሲያንስ የሚመጣ ነው» ይላል። የባለሙያው መልስ ይሻላል፤ «ክፉ መንፈስ ነው» ከሚለውም ይሻላል፤ ታማሚውን ከወቀሳ ያሳርፈዋል። እውነትነቱ ግን ከግማሽ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ሐሳቡ የመጣው ከመድኃኒት ነው። ክሎሚፕራሚን የተባለው የድብርት መድኃኒት ለነዚህ ሰዎች ረዳ፤ ሴሮቶኒንን እምብዛም የማይነካው ዘመዱ ዴሲፕራሚን ግን አልረዳም። እንግዲያው የጎደለው ሴሮቶኒን ነው ተባለ። በዝንጅብል ሻይ ጉንፋኑ የቀለለለትን ሰው ግን ዝንጅብል አንሶት ነበር አንልም። ደግሞስ መድኃኒቱ ሴሮቶኒን ላይ የሚሠራው በሰዓታት ውስጥ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ፈቀቅ የሚለው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። ነገሩ ጉድለት መሙላት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልዘገየ ነበር።

ዘርም ድርሻ አለው፤ በልጅነት ለሚጀምረው ደግሞ ይበልጥ። ነገር ግን «የኦሲዲ ዘረ መል» የሚባል አንድ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ፣ ከ50,000 በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት በዘረ መል ላይ 30 ሥፍራዎችን ጠቁሟል፤ እያንዳንዱ የሚጨምረው ስጋት ኢምንት ነው።

ሲወራ የማልሰማው፣ እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ምልልሱ ነው። ከዐይን በላይ ካለው የአንጎል ክፍል «አንድ ነገር ልክ አይደለም» የሚል ምልክት ይነሳል፤ በውስጠኛው አንጎል ባሉ ጉብታዎች በኩል አልፎ ተመልሶ ግንባር ላይ ይደርሳል። በጤነኛ ሰው መንገድ ላይ ይረግባል፤ በታማሚው እየጮኸ ይዞራል። ሰውየው በሩን መቆለፉን አሳምሮ ያውቃል። የጎደለው እውቀት ሳይሆን «በቃ» የሚለው ስሜት ነው።

ቶንሲል ያስከተለው የሩማቲክ ትኩሳት አንዳንድ ሕፃናት ላይ ይህንኑ ውስጠኛ ክፍል ይነካል፤ እጅና እግራቸው ሳይፈልጉ ይወራጫል፤ ከነሱም አንዳንዶቹ መታጠብና መደጋገም ይጀምራሉ። በሽታው ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የልጁን ልብ እናስመረምራለን፤ ስለ ሐሳቡ ሲጠየቅ ግን አልሰማሁም።

እ.ኤ.አ. በ1992 የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ አለ። ታማሚዎቹ 18 ነበሩ። ግማሾቹ ፍሉኦክሰቲን ወሰዱ፤ ግማሾቹ ያለ መድኃኒት የሚፈሩትን እየነኩ፣ እየቆሸሹ፣ አለመታጠብን ተለማመዱ። ከ10 ሳምንት በኋላ የተሻላቸው ሰዎች አንጎል ሲታይ፣ ክኒን የወሰደውም የተለማመደውም በዚያው ምልልስ ላይ ያለው አንዱ ጉብታ ረግቦ ተገኘ። እንግዲህ «የአንጎል ሕመም ነው» ማለትና «መድኃኒቱ ክኒን ብቻ ነው» ማለት ለየቅል ናቸው።

ይህ ሲዘነጋ ዕዳው ታማሚው ላይ ይወድቃል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ክኒኑን ያቆማል፤ ለኦሲዲ ብዙውን ጊዜ ከድብርት የበለጠ መጠንና ጊዜ እንደሚያስፈልግ የነገረው የለም። ልምምዱን የሚያሠራ ባለሙያ ማግኘት ደግሞ ከክኒኑ ይልቅ ይከብዳል።

ቤተሰብ ደግሞ ሳያውቅ ምልልሱን ይመግባል። እናት «ተቆልፏል ልጄ» እያለች ሃያ ጊዜ ትመልሳለች። የንስሐ አባት ያንኑ ኃጢአት አሥር ጊዜ ይሰማሉ። ውዱእ የሚደጋግመውን ወንድሙን ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁሉም ከርኅራኄ ነው። እያንዳንዱ መልስ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋል፤ አንጎሉ ግን ጩኸቱ ተገቢ እንደነበር ይማርበታል።

እናቲቱ መመለሷን ስታቆም የልጁ ጭንቀት መጀመሪያ ይብሳል። ይህን አስቀድሞ የነገራት ሰው ከሌለ፣ በሦስተኛው ቀን ሆዷ አልችል ብሎ «ተቆልፏል» ትለዋለች።