ጥፋተኛ የማይፈልግ ካሳ

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ትባል የነበረችውን የጣና ሐይቅ ዳር መንደር የሠራተኛ ከተማ ያደረጋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተተከለው ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሳ ነበር፤ የቆቃ ግድብም የተሠራው ከዚያው ገንዘብ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው ራሱ የካሳ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በውስጡ ጣቱን ማሽን የያዘበት ሠራተኛ ግን ያን ጊዜ የሚመካበት ራሱን የቻለ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አልነበረውም። አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል በሚናገርበት ክፍሉ ጥቂት ነገር ብሎ ነበር፤ ሠራተኛው ያንን ማወቁ ግን ያጠራጥራል።

ከዚያ ወዲህ አዋጅ አዋጅን እየተካ መጣ። በ1956 ቁጥር 210፣ ከአብዮቱ በኋላ በ1968 ቁጥር 64፣ በ1985 ቁጥር 42፣ በ1996 ቁጥር 377፣ በመጨረሻም በ2011 ቁጥር 1156። ዛሬ የምንመራበት ይኸው የመጨረሻው ነው። በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የሚናገሩት አንቀጾቹ ሃያ አይሞሉም። አቦል ተጠጥቶ በረካው እስኪደርስ አንብቦ መጨረስ ይቻላል፤ የሚያነበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

የሕጉ ዋና ምሰሶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፦ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሠራተኛው ጉዳት ኃላፊ ነው። በሰፈር ጠብ ወይም በተራ የካሳ ክርክር መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነው። እዚህ ያ ጥያቄ አይነሳም። ማሽኑ በአግባቡ ተጠግኖ፣ ፎርማኑ ጠንቃቃ ሆኖ፣ ማንም ሳያጠፋ የሠራተኛው እጅ ቢጎዳ ካሳው ይከፈላል። አስተሳሰቡ ከጀርመን የፋብሪካ ዘመን የመጣ ነው፤ በ1884 እ.ኤ.አ. በቢስማርክ ጊዜ የወጣው የአደጋ መድን ሕግ መነሻው እንደሆነ ይነገራል። ከሥራው የሚያተርፍ ሰው ሥራው የሚያመጣውን አደጋም ይሸከም ነው ነገሩ። በምትኩ ሠራተኛው የሚያገኘው ገንዘብ በሕግ የተተመነ ነው፤ የደረሰበትን ጉዳት ሁሉ አስቆጥሮ መቀበል አይችልም። አሠሪው በእርግጥ አጥፍቶ ከሆነ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ተጨማሪ ካሳ የመጠየቅ በሩ አልተዘጋም።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። ሕጉ በዚህ ሥር ሁለት ነገር በስም ይጠራል። አንደኛው አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ወይም የአደጋ መከላከያ ደንቦችን አለማክበር ነው። ሁለተኛው ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት ነው። ክርክር ሲነሳ አሠሪዎች የሚይዙት የመጀመሪያውን ነው፤ «ሄልሜት አድርግ ብለነው ነበር» ይላሉ። «በግልጽ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ መመዘን አለበት። ሄልሜት ሳይሰጡ «አድርግ» ማለትን መመሪያ ብሎ መጥራት ለእኔ ቀልድ ነው። የደኅንነት መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር ራሱ በሕጉ የአሠሪው ግዴታ ነው።

በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ምንድን ነው? ከፋብሪካው በር ውስጥ የደረሰ ብቻ አይደለም። በአሠሪው ትእዛዝ ከሥራ ቦታ ውጭ ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲሠሩ የደረሰ ጉዳት ይቆጠራል። ከሥራው ጋር በተያያዘ ግዴታ ምክንያት በግቢው እያሉ ከሥራ በፊት፣ በኋላ ወይም በእረፍት ሰዓት የደረሰም እንዲሁ። ሥራ ላይ እያሉ ሦስተኛ ሰው ያደረሰውም አለበት። ስለዚህ ቱሪስት ወደ ዘጌ ወይም ወደ ክብራን ገብርኤል የሚያመላልስ የጀልባ ባለቤት ቀጥሮት ሐይቁ ላይ የተጎዳ ረዳት፣ ፋብሪካ ውስጥ ከተጎዳው እኩል መብት አለው። የመንገዱን ጉዳይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ አደጋ የሚቆጠረው ድርጅቱ ባቀረበው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ሲሆን ነው። ወደ ባሕር ዳር ኢንዱስትሪ ፓርክ ለማለዳ ፈረቃ የሚሄዱ ሁለት ሰፊዎችን አስቡ። አንዷ ሰርቪሱ ላይ ነበረች፤ ሌላዋ ሰርቪሱ አምልጧት ባጃጅ ያዘች። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት ሁለቱም ቢጎዱ የመጀመሪያዋ ጉዳት የሥራ ጉዳት ነው፤ የሁለተኛዋ የትራፊክ አደጋ ሆኖ ወደ ተሽከርካሪው መድን ይሄዳል። ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ሕጉ ግን መስመሩን ያሰመረው እዚያ ላይ ነው።

አደጋ ይታያል፤ ደም ይፈሳል፤ ምስክር አለው። ከሥራ የሚመጣ በሽታ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ጥጥ በሚባዘትበትና በሚፈተልበት ክፍል ለዓመታት ብናኙን የሚተነፍስ ሰው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ከእረፍት ቀን በኋላ ሥራ በተጀመረበት ዕለት ደረት ይጨመቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ቀለል ይላል። ሰውየው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። ሕጉ በዚህ ረገድ ለሠራተኛው ደግ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር በሚያወጣው ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ በሽታ፣ አጠገቡ በተጻፈው የሥራ ዓይነት የተሰማራን ሰው ከያዘው፣ ከሥራው መምጣቱን ለማስረዳት ይህ ብቻውን በቂ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ በሽታ ከሆነ ማስረዳቱ የሠራተኛው ሸክም ይሆናል።

ለጣና ዳር ሰው ግን አንድ መጥፎ ወሬ አለ። ሕጉ በአካባቢው የተለመደ ተዛማች በሽታን ከሥራ በሽታ አይቆጥረውም፤ ከዚህ ውጭ የሚሆኑት በሽታውን ለመከላከል የተቀጠሩ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። በፎገራ ሜዳ ወባ የያዘው የሩዝ እርሻ ቅጥረኛ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ብልሃርዚያ የገባበት የመስኖ ሠራተኛ፣ በዚህ ድንጋጌ በኩል ማለፍ ይቸግረዋል። ቢሮ ውስጥ ሆኖ የተጻፈ ሕግ የሐይቅ ዳር ሥራን እንዴት እንደሚያየው ከዚህ ይታወቃል። ውሃ ውስጥ ገብቶ መሥራት ግዴታው የሆነ ሰውና በጋራው ሐይቅ ልብሱን የሚያጥብ ሰው እኩል ተጋላጭ አይደሉም።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ አሠሪው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ በተመቸ ማጓጓዣ ቅርብ ወደሚገኝ ሕክምና ማድረስና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው። የሕክምናው፣ የቀዶ ጥገናው፣ የሆስፒታሉ፣ የመድኃኒቱ፣ አስፈላጊ ከሆነም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው ሥራ ካቆመ ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። ሐኪም ያዘዘውን ምርመራ እምቢ ማለት ወይም መዳንን ሆን ብሎ ማጓተት ይህን ክፍያ ያስቆማል።

ከዚያ የሐኪሞች ቦርድ ይመጣል። ቦርዱ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሚሰላው በዚህ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነጥብ እዚህ አለ። ጉዳቱ የመሥራት ችሎታን ባይቀንስም እንኳ ከባድ የመልክ መበላሸትን ካስከተለ እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ተቆጥሮ ካሳ ያሰጣል። ፊቷን ፍል ውሃ ያቃጠላት የሆቴል ኩሽና ሠራተኛ «እጅሽ ደኅና ነው፤ ሥራሽን መሥራት ትችያለሽ» ተብላ ባዶ እጇን ልትመለስ አይገባም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሠራተኛው በጡረታ ሕግ ያልታቀፈ ከሆነ ከፋዩ አሠሪው ራሱ ነው፤ ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ በአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ። በጡረታ የታቀፈ ሠራተኛ ግን፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የድርጅቱ መድን የተሻለ ካላስቀመጠለት፣ ወደ ጡረታ ሕጉ ይሄዳል። በ2003 የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715፣ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1268 ከመተካቱ በፊት፣ ስሌቱን እንዲህ አስቀምጦት ነበር፦ ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት ለሚችል ሰው የወር ደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ተባዝቶ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። ፈጽሞ መሥራት ለማይችል ደግሞ የደመወዙ 47 በመቶ በየወሩ።

በቁጥር እንየው። የወር ደመወዙ 4,000 ብር የሆነ ሰው 20 በመቶ ተጎዳ እንበል። በጡረታ ያልታቀፈ ከሆነ የዓመቱ 48,000፣ አምስት እጥፉ 240,000፣ የዚያ 20 በመቶ 48,000 ብር ይሆናል። በዚያ የጡረታ ስሌት ግን 1,880 በ60 ሲባዛ 112,800፣ የዚያ 20 በመቶ 22,560 ብር ነው። በየወሩ 7 በመቶ ሲቆረጥበት፣ አሠሪውም 11 በመቶ ሲከፍልለት የኖረው ሰው ያገኘው ከግማሽ በታች ነው! ጡረታው የሚያዋጣው ሙሉ ጉዳት ሲሆን ነው፤ 1,880 ብር በየወሩ ሲከፈል በአሥር ዓመት ከስምንት ወር 240,000ውን ያልፋል፤ ሰውየው ወጣት ከሆነ ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ለከፊል ጉዳት ግን የኅብረት ስምምነት ያለው የሠራተኛ ማኅበር ዋጋው እዚህ ይታያል። ክፍተቱን በድርድር መሙላት የሚችለው እሱ ነው።

ሠራተኛው ከሞተ አሠሪው ለቀብር ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ይከፍላል። ካሳው ለጥገኞች ሲከፋፈል ለሚስት ወይም ለባል 50 በመቶ፣ ዕድሜያቸው 18 ላልሞላ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ፣ ሟቹ ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆችም ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ ነው፤ ድምሩ ከመቶ ካለፈ ወይም ከጎደለ በየድርሻው ይስተካከላል። ይህ ገንዘብ ግብር አይነካውም፤ ለዕዳም አይያዝም።

ችግሩ ሁሉ ያለው «ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ማስረዳቱ ላይ ነው። በባሕር ዳር ግንባታዎች ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ካቦውን ነው፤ ካቦው ከሳብ ኮንትራክተሩ፣ ሳብ ኮንትራክተሩ ከዋናው ተቋራጭ ይቀበላል። አደጋ ሲደርስ ሦስቱም «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» ሊሉ ይችላሉ። የጽሑፍ ውል አለመኖር ግን መብት አያሳጣም። ሕጉ በቃል የተደረገ ውልን ይቀበላል፤ የጽሑፍ ውል ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥ ጥፋቱ የእሱ ነው። ምስክር፣ የፔሮል ፊርማ፣ በባንክ የገባ ደመወዝ፣ የካቦው መዝገብ ሁሉ ያግዛሉ። ደመወዙ ሁለት ዓይነት፣ አንዱ በወረቀት፣ አንዱ በእጅ የሆነ ሰው ግን ካሳው ለክርክር ይጋለጣል፤ ማስረጃ የሚሆንለት በወረቀት ያለው ነው።

ፈጽሞ ከዚህ ጥላ ውጭ ያሉም አሉ። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የራሱ ጌታ ነው፤ ሐይቁ ሲቆጣ የሚከሰው አሠሪ የለውም፤ የሚደርስለት ዕድሩ ነው። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ አዋጁ ለደንብ ትቶታል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ፣ ልዩ ጊዜ ካልተቀመጠለት፣ መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ በስድስት ወር። «አለቃዬ አሳክምሃለሁ ብሎኛል» እያሉ መጠበቅ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የምትሠሩ ሁሉ፣ ሳትጎዱ ሁለት ነገር አጣሩ፦ በጡረታ ተመዝግባችሁ እንደሆነና በወረቀት የተጻፈው ደመወዛችሁ ስንት እንደሆነ። ከተጎዳችሁ ደግሞ አደጋው በዚያው ቀን በድርጅቱ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ፤ ቅጂውንም ከሕክምና ወረቀታችሁ ጋር ቤታችሁ አስቀምጡ።