ባሕር ማዶ ለሚመላለስ መንገደኛ የሚስማማውን የባንክ ካርድ ስለ መምረጥ

ወደ ውጭ አገር ደጋግሞ የሚሄድ ሰው ልብሱንና መድኃኒቱን፣ ፓስፖርቱንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ጠንቅቆ ያሰናዳል፤ በኪሱ የሚይዘውን የባንክ ካርድ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረምረው ይነሣል። ካርድ ሁሉ አንድ ይመስለዋልና። ዳሩ ግን ሁለት መንገደኞች በአንድ ሆቴል አድረው፣ ከአንድ ሱቅ ገዝተው ሲመለሱ፣ የአንደኛው ወጪ ከሁለተኛው በመቶው 8 እጅ በልጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ የመጣው ከአገዛዛቸው ሳይሆን ከያዙት ካርድና በመክፈያው መኪና ፊት ከሰጡት መልስ ነው።

በመንገድ ላይ ገንዘብ ማጣት የጥንት ችግር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደ 1890 ገደማ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ጄምስ ፋርጎ አውሮፓን ሲጐበኙ፣ የታወቀ የባንክ ደብዳቤ በእጃቸው ሳለ፣ ከታላላቆቹ ከተሞች ወጣ ባሉ ቍጥር ገንዘብ የሚሰጣቸው አጥተው እጅግ ተቸገሩ። በተመለሱም ጊዜ ማርሴለስ ቤሪ የተባለው ሠራተኛቸው መላ እንዲፈልግ ስላዘዙ፣ በ1891 የመንገደኛ ቼክ ተሠራ። ኋላም በ1958 በካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ አንድ የባንክ ካርድ ተጀመረ፤ ይኸውም በ1976 ቪዛ የሚለውን ስም ያገኘው ነው። ከዚያ ወዲህ መንገደኛው ከባንክ ደጃፍ ከመሰለፍ ድኗል፤ የሚከፍለው ዋጋ ግን ከዐይኑ ተሰውሯል።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጥ። አንዲት እናት ለሕክምና ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ይሄዳሉ፤ ልጃቸውም ሊያስታምማቸው ከዋሽንግተን ተነሥቶ በዚያው ያገኛቸዋል እንበል። ይህን መንገድ የሚያውቀው ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። የሐኪም ቤቱ ሒሳብ 330,000 ባህት ቢሆንና ለቍጥር እንዲመች አንዱን ዶላር በ33 ባህት ብናስበው፣ ዕዳው 10,000 ዶላር ነው። ልጁ የያዘው ካርድ በውጭ አገር ለሚደረግ ክፍያ 3 በመቶ የሚያስጨምር ከሆነ (በአሜሪካ ይህን ያህል የሚያስከፍሉ ካርዶች ብዙ ናቸው) 300 ዶላር በላዩ ይታከላል። ይህም በሐኪም ቤቱ ደረሰኝ ላይ አይገኝም፤ የሚታየው ባንኩ በየወሩ በሚልከው የሒሳብ መግለጫ ላይ ነው።

ከዚህ የሚብስ ሁለተኛ ወጪ አለ። ካርዱ በመክፈያው መኪና ውስጥ እንደ ገባ፣ መኪናው «በዶላር ይከፍላሉ ወይስ በባህት?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁም የባህቱን ዋጋ ስላልለመደው፣ የሚያውቀውን ዶላር ይመርጣል። በእኔ አሳብ ይህ ጥያቄ ትሕትና የለበሰ ንግድ ነው። ዶላር ብሎ የመለሰ ሰው ምንዛሪውን ከራሱ ባንክ እጅ አውጥቶ፣ ለመኪናው ባለቤትና ከእርሱ ጋራ ለሚሠራው ድርጅት አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው፤ እነርሱም የፈለጉትን ጨምረው ይመነዝሩለታል። ጭማሪው 5 በመቶ ቢሆን 10,000ው ዶላር 10,500 ሆነ። ተከፋዩ በውጭ አገር ስለሚገኝ የልጁ ባንክም ብዙ ጊዜ 3 በመቶውን አይምርም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ድምር 10,815 ዶላር ይሆናል። 815ቱ ዶላር ለመድኃኒት ወይም ለአስታማሚው ማደሪያ ሊውል የሚችል ገንዘብ ነበረ።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ፣ ከሚያዝያ 19 ቀን 2020 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ ይህን የመሰለ ምንዛሪ የሚያቀርብ ሁሉ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዋጋ በስንት በመቶ እንደሚበልጥ አስቀድሞ እንዲያሳይ ደንግጓል። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት አገር ግን መንገደኛው ራሱ መጠንቀቅ አለበት። መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ በአገሩ ገንዘብ። ሠራተኛው ሳይጠይቅ በዶላር አድርጎት እንደ ሆነም፣ ከመፈረም በፊት ተሰርዞ እንደ ገና እንዲሠራ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥሬ ገንዘብ ስለ ማውጣትም እንናገር። በታይላንድ ኤቲኤም የሚባለው የገንዘብ መኪና በውጭ አገር ካርድ ለሚያወጣ ሰው፣ የወጣው ገንዘብ ቢበዛም ቢያንስም፣ በየጊዜው 220 ባህት ያህል ያስከፍላል። እንግዲህ 1,000 ባህት ያወጣ ሰው 22 በመቶ ከፈለ፤ 20,000 ባህት ያወጣ ግን 1 በመቶ ከጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ለብዙ ቀን የሚበቃውን በአንድ ጊዜ አውጥቶ በሆቴሉ ሣጥን መቈለፍ ይሻላል። በብድር ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ ወለዱ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ይቈጠራልና።

እንግዲህ የትኛው ካርድ ይመረጥ? በአሜሪካ ለሚኖረው ልጅ ነገሩ ቀላል ነው። ካፒታል ዋን የተባለው ባንክ በዚያ አገር በሚሰጣቸው ካርዶች በውጭ አገር ክፍያ ላይ ምንም አይጨምርም። ቻርልስ ሽዋብ ደግሞ ከአክሲዮን ሒሳብ ጋራ ለተያያዘው የባንክ ካርዱ፣ ሌሎች ባንኮች በገንዘብ መኪናቸው የወሰዱትን መልሶ ይከፍላል፤ ለክፍያ የመጀመሪያውን፣ ለጥሬ ገንዘብ ሁለተኛውን መያዝ መልካም ጥንድ ነው። በዓመት 95 ዶላር የሚጠየቅበት ካርድ እንኳ 3 በመቶውን የሚያስቀር ከሆነ፣ በውጭ አገር በዓመት ከ3,200 ዶላር በላይ ለሚያወጣ ሰው ዋጋውን ይመልሳል።

በአውሮፓ የሚኖሩት ደግሞ ዋይዝ የሚባለውን ያውቁታል። ይህን ድርጅት በ2011 በለንደን ያቋቋሙት ሁለት የኢስቶኒያ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ደመወዙን በዩሮ እየተቀበለ በለንደን ይኖር ነበር፤ ሁለተኛው በፓውንድ እየተከፈለው በአገሩ የቤት ዕዳ ነበረበት፤ ባንክ ሳያስገቡ እርስ በርሳቸው በገበያው መካከለኛ ዋጋ መመንዘር ቢጀምሩ ከዚህ ሥራው ተወለደ። ካርዱ የብዙ አገር ገንዘብ ይይዛል፤ የምንዛሪውንም ዋጋ ለይቶ ያሳያል፤ ጥሬ ገንዘብ በነጻ የሚያወጣው ግን በወር ጥቂት ብቻ ነው። ሪቮሉት የተባለውም ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን በመደበኛው ካርዱ ቅዳሜና እሑድ፣ ገበያው በተዘጋበት ጊዜ፣ ጭማሪ ስላለው ምንዛሪውን በሥራ ቀን ማድረግ ይገባል።

ከአዲስ አበባ ለሚነሡት እናት ነገሩ ሌላ ነው። በአገር ውስጥ ብቻ የሚሠራው ካርድ በባንኮክ አይረዳቸውም፤ በውጭ ምንዛሪ የተሞላ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድ ከባንካቸው መጠየቅ አለባቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ስለ ለቀቀ፣ የባንኮች ዋጋ እርስ በርሱ ይለያያል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን የሁለት ሦስት ባንክ ዋጋ አስተያይቶ መቍረጥ ብልኅነት ነው። ካርዱ በስንት ብር ሒሳብ እንደሚሞላ፣ ዶላሩ ወደ ባህት ሲለወጥ ስንት በመቶ እንደሚጨመርበት፣ ሳይነካ የተረፈው ገንዘብም በምን አኳኋን እንደሚመለስ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ርካሹን ካርድ ይዞ መቸገርም አለ። ሆቴሎችና የመኪና አከራዮች ለመያዣ ብለው የተወሰነ ገንዘብ ይይዛሉ፤ በብድር ካርድ ሲሆን የሚቀንሰው የብድሩ ልክ ነው፤ በሌላው ካርድ ግን የራስ ገንዘብ ታስሮ ይቈያል፤ በሕመም ጊዜ ይህ ከባድ ነው። ደግሞም ብዙ ባንክ ክፍያውን የሚያጸድቀው ወደ ስልክ ምስጢራዊ ቍጥር ልኮ ነው፤ የአገር ቤቱ የስልክ መስመር በውጭ አገር እንዲሠራ ሳያደርጉ የሄዱ ሰው፣ ገንዘብ እያላቸው መክፈል ይሳናቸዋል። ካርዶቹም ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ በኪስ፣ ሁለተኛው በሻንጣ።

ደረሰኞቹ እስኪመለሱ ድረስ አይጣሉ። በአሜሪካ ሕግ የብድር ካርድ የጠፋበት ሰው ሌላው ሰው ለወሰደበት ቢበዛ 50 ዶላር ይጠየቃል። ከራሱ ሒሳብ በቀጥታ የሚከፍለው ካርድ ሲጠፋ ግን መጥፋቱን ባወቀ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካላመለከተ ኀላፊነቱ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል፤ የሒሳብ መግለጫው ከተላከ በኋላ 60 ቀን ዝም ቢል፣ ከዚያ ወዲያ የሚወሰድበትን ሁሉ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መግለጫው እንደ ደረሰ ከደረሰኞቹ ጋራ ቍጥር በቍጥር ማስተያየት፣ የማይገባ ነገር ቢገኝም በዚያው ቀን ለባንኩ በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል።